በስንት ሰዓት ነው የተሳሳተው? የሊኑክስ ኮምፒውተር ሰዓት ሲዛባ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የሚሠራ አንድ ትንሽ ሱቅ አለ። ኮምፒውተራቸው ላይ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ሊኑክስ የጫንኩት እኔ ነኝ። ደንበኛ ሁሉ ፍላሹን ይዞ ስለሚመጣ የድሮው ዊንዶውስ በቫይረስ አልቆ ነበር። ግንቦት 12 ቀን 2017 ጠዋት ባለቤቷ ደወለችልኝ።

"አቦ፣ ይሄ ነገርህ ኢንተርኔት አልከፍት አለ።"

"መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?"

"መብራትማ መቼ አልጠፋ!"

ሄድኩ። ኔትወርኩ ሰላም ነው። በስልክ ሁሉም ገጽ ይከፈታል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ብራውዘሩ የትኛውንም ገጽ "ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም" እያለ ይመልሳል። ሽቦ ነካካሁ፣ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ግማሽ ሰዓት አቃጠልኩ። በመጨረሻ ዓይኔ ወደ ስክሪኑ አናት ሄደ። "ሴፕቴምበር 12፣ 2017፣ 4፡05" ይላል።

ሱቁ ውስጥ የሚያግዛት ልጅ ነው ያስተካከለው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ 10 ይላል። ዓመቱንም 2025 ይላል። ስለዚህ 12፣ 9፣ 2017 ብሎ አስገባ። ግንቦት ዘጠነኛ ወራችን አይደል? ኮምፒውተሩ ደግሞ ዘጠነኛ ወር ሲባል የሚያውቀው ሴፕቴምበርን ነው። ልጁ ባስተካከለ ቁጥር ሰዓቱ ተመልሶ ስለሚበላሽበት "አውቶማቲክ" የሚለውንም አጠፋው። እንደኛ አቆጣጠር ከሆነ አንድም ስህተት አልሠራም። ኮምፒውተሩን ግን ወደ ስምንት ዓመት ግድም ወደ ኋላ ወሰደው።

ገጾቹ ለምን እምቢ እንዳሉ ቶሎ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ አስተማማኝ ገጽ የምስክር ወረቀት አለው። ወረቀቱ ላይ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል" የሚል አለበት። ብዙዎቹ 90 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግሉት። ብራውዘሩ የሚያመሳክረው በኮምፒውተሩ ሰዓት ነው። በ2017 ላይ ቆሞ በ2025 የወጣ ወረቀት ሲያይ "ይሄ ገና አልተወለደም" ይላል። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ፕሮግራም ማዘመኛም እንደዚሁ ነው፤ የሚያወርደው ዝርዝር ከወደፊት የመጣ ከመሰለው አልቀበልም ይላል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልማድ አወጣሁ። ሰዓት ተዛባ ሲሉኝ ከማስተካከሌ በፊት በስንት እንደተዛባ እለካለሁ። በ3 ሰዓት? በ6? በአንድ ሌሊት? በዓመታት? ቁጥሩ ራሱ ጥፋተኛውን ይጠቁማል። ዝም ብሎ ማስተካከል ለዛሬ ይሠራል፤ ነገ ግን ያው ችግር ይመለሳል።

ቁጥሩን ለማንበብ ግን ኮምፒውተሩ ሁለት ሰዓት እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋም ይቆጥራል፤ የሚያንቀሳቅሰውም የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት። ውስጡ ያለው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ሲቆጠር አንድ ሰከንድ ሞላ ይባላል። የእጅ ሰዓትም የሚሠራው በዚሁ ነው። ይሄ ክሪስታል የሚመቸው 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ከዚያ ሲሞቅም ሲበርድም ወደ ኋላ መቅረት ይጀምራል። የድሬዳዋን ከሰዓት በኋላ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ይበል። ጉዳቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ በቀን አንድ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው።

ሁለተኛው ሊኑክስ ራሱ ሲነሳ የሚይዘው ሰዓት ነው። ሲበራ ከማዘርቦርዱ ያነባል፣ ከዚያ በኋላ በራሱ ይቆጥራል። የሚቆጥረው ደግሞ ቀንና ወር አይደለም። ሰከንድ ብቻ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው። አሁን ቆጠራው ከ1.7 ቢሊዮን አልፏል። (ይህን ቁጥር በ32 ቢት የሚይዙ አሮጌ ማሽኖች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ቦታ ይሞላባቸዋል። ቀኑን ወደኛ ስቀይረው ጥር 11 ቀን 2030 ሆነብኝ። ጥምቀት! ልክ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ። የዛሬዎቹ 64 ቢት ማሽኖች ስጋት የለባቸውም፣ በዓላችሁን በሰላም አክብሩ።)

እናንተ ስክሪን ላይ የምታዩት "10፡05" እንግዲህ ያው ቁጥር ልብስ ለብሶ ነው። ልብሱ የሰዓት ሰቅ ይባላል። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ጅቡቲም፣ ናይሮቢም እንደዚያው። ፀሐይ ድሬዳዋ ላይ ከአዲስ አበባ 12 ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው የምትወጣው፤ ሰዓታችን ግን አንድ ነው። ስለዚህ በሊኑክስ ዝርዝር ውስጥ ድሬዳዋን ወይም ሐረርን አትፈልጉ። አዲስ አበባን መምረጥ ነው።

አሁን ተርሚናል ክፈቱ፤ ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው። ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው በአነባበባቸው ነው፤ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት ነው። ዋናው ትዕዛዝ "ታይምዴትሲቲኤል" ይባላል። "ታይም" እና "ዴት" የሚሉት ቃላት ያለ ክፍተት ተያይዘው መጨረሻቸው ላይ ሲ፣ ቲ፣ ኤል ይጨመራል። ብቻውን ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ምንም አይቀይርም፣ ያሳያል እንጂ።

የሚወጡት ሰባት መስመሮች ናቸው። ሎካል ታይም የዚህ አገር ሰዓት ነው። ዩኒቨርሳል ታይም ዓለም አቀፉ፤ ከኛ በ3 ማነስ አለበት። አርቲሲ ታይም የማዘርቦርዱ ነው፤ ሊኑክስ ብቻ ባለበት ማሽን ከዓለም አቀፉ ጋር እኩል ይሆናል። ይሄን መስመር አይተው "ኧረ ተሳስቷል!" ብለው የሚደውሉልኝ አሉ። አልተሳሳተም። ቀጥሎ ታይም ዞን ይመጣል። ከዚያ ሰዓቱ ከኔትወርክ ጋር መናበቡንና አለመናበቡን፣ አገልግሎቱ መብራቱንና አለመብራቱን የሚናገሩ ሁለት መስመሮች አሉ። የመጨረሻው ማዘርቦርዱ በአገር ሰዓት ይቆጥር እንደሆነ ይጠይቃል፤ መልሱ "ኖ" ቢሆን ደስ ይላል።

ስልካችሁን አጠገቡ አስቀምጡና ልዩነቱን ለኩ።

ሊኑክሱ ልክ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ ሰቁ አልተመረጠም ማለት ነው። የጫነው ሰው ቸኩሎ አልፎታል፣ ማሽኑም በዓለም አቀፉ ሰዓት ቀርቷል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው ("ሱዶ" ማለት በአስተዳዳሪ ሥልጣን ፈጽም ማለት ነው)፦ "ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ"። አፍሪካም፣ አዲስም፣ አበባም በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። በአዲስና በአበባ መካከል ያለችው ከታች የምትሰመረው ጭረት ናት። ክፍተት ከተዋችሁ አያውቃችሁም። ሰዓቱን በእጅ 3 ሰዓት ወደፊት መግፋት ግን መፍትሔ እንዳይመስላችሁ። ስክሪኑ ያምራል፤ ከሥር ያለው ቁጥር ግን ይበላሻል፣ ኔትወርኩ ሲመጣ ደግሞ ይመልስባችኋል።

3 ሰዓት ወደፊት ከሄደስ? ያኔ የምጠይቀው ጥያቄ "ዊንዶውስም አለበት?" የሚል ነው።

ሐረር የሚማር የዘመዴ ልጅ በዚህ ተማሮ ነበር። ላፕቶፑ ላይ ሁለቱም አሉበት። በዊንዶውስ ተጠቅሞ ወደ ሊኑክስ ሲመጣ ሰዓቱ 3 ይጨምራል። ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲሄድ 3 ይቀንሳል። "ጋሼ፣ ባትሪው ነው አይደል?" ይለኛል። ባትሪው ደህና ነበር። ነገሩ የአንድ ቤት ሁለት ተከራዮች ጠብ ነው። አንዱን የማዘርቦርድ ሰዓት ዊንዶውስ በአገር ሰዓት ይጽፈዋል፣ ሊኑክስ በዓለም አቀፉ ያነበዋል። በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 10 ነው እንበል። ዊንዶውስ 10 ብሎ ጽፎ ይተኛል። ሊኑክስ ሲነሳ "10 በዓለም አቀፉ? እንግዲያው አገር ቤት 13 ነው" ይላል። በተገላቢጦሹ ሊኑክስ 7 ብሎ ጽፎ ይተኛል፣ ዊንዶውስ 7ን እንዳለ ያምናል። ሁለቱም በየፊናቸው ልክ ናቸው።

ማስታረቂያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሊኑክስን ማሳመን ነው፦ "ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1"። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ትዕዛዙን በጠራችሁ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ያሳያችኋል። ዋናው ፍርሃቱ በበጋና በክረምት ሰዓታቸውን የሚቀያይሩ አገሮች ነው። እኛ አንቀያይርም። ስለዚህ እዚህ አገር ከቦታው ለማይነቃነቅ ማሽን እኔ ብዙም አልጨነቅበትም። ሁለተኛው ዊንዶውስን ማሳመን ነው። ሬጂስትሪው (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት ቋት) ውስጥ "ሪልታይምኢዝዩኒቨርሳል" የሚባል ዋጋ ፈጥሮ 1 መስጠት ነው። ንጹሑ መንገድ ይሄ ነው። ሬጂስትሪ ነክቶ የማያውቅ ሰው ግን እዚያ ባይጀምር እመርጣለሁ። ለልጁ የመጀመሪያውን አደረግኩለት፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ካደረጋችሁ ግን ጠቡ እንደገና ይነሳል።

በ3 ሰዓት የሚያስት አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብቶ ሰዓት የሚሞላ ሰው የግድግዳውን ሰዓት አይቶ ነው የሚሞላው። ሊኑክስ ብቻ ላለበት ማሽን እዚያ የሚገባው ዓለም አቀፉ ነው፣ ከፈረንጁ ሰዓታችን 3 ተቀንሶ።

ልክ 6 ሰዓት ከሆነ ማሽኑን አትመርምሩ። አንድ ሰው የአበሻ ሰዓት አስገብቶበታል። ልክ 12 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ጠዋትና ማታው ተቀያይሯል። ዓመቱ ሰባት ወይም ስምንት ካነሰ የኛ ዓመተ ምሕረት ነው የገባው፤ የከዚራው ልጅ ማለት ነው። እነዚህን ለማስተካከል ኢንተርኔት ካለ "ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ" ማለት ይበቃል። አውቶማቲኩ ይበራል፣ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ሰዓቱ ራሱ ዘሎ ቦታው ይገባል። "ኢንተርኔቱማ እምቢ ብሏል" ትሉኝ ይሆናል። እምቢ ያለው ብራውዘሩ ነው። ሰዓት የሚያመጣው አገልግሎት በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ያን የምስክር ወረቀት አይጠይቅም፤ ስለዚህ በ2017 ላይ ቆሞም መንገዱን ያገኛል።

ኢንተርኔት ከሌለ በእጅ ነው። መጀመሪያ ያንኑ ትዕዛዝ በ"ትሩ" ፋንታ "ፎልስ" ብላችሁ አውቶማቲኩን አጥፉ፣ አለዚያ "ሥራው የኔ ነው" ብሎ ይከለክላችኋል። ከዚያ "ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይም" ብላችሁ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ቀኑን ስጡት፦ "2025-05-20 10:15:00"። ዓመት ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፣ ቀን መጨረሻ ነው። ሁሉም በፈረንጅ። ስትጨርሱ አውቶማቲኩን መልሳችሁ ማብራት እንዳትረሱ። እኔ ረስቼ አውቃለሁ።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ። ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከተመለሰ ባትሪዋ ሞታለች። "ሲአር 2032" በሉ፣ ሰዓት ሠሪዎች ጋር አትጠፋም። ቁጥሯ ዝም ብሎ አልተሰጠም፤ 20 ስፋቷ ነው፣ 32 ደግሞ ውፍረቷ፣ 3.2 ሚሊሜትር ማለት ነው። ጉልበቷ 3 ቮልት ነው። ገመዱን ነቅላችሁ፣ ጽሑፍ ያለበትን ፊቷን ወደ ላይ አድርጋችሁ ግጠሟት።

ሊኑክስ ላይ ግን የሞተች ባትሪ አንዳንዴ ትደበቃለች። ኡቡንቱን ከመሰሉት ብዙዎቹ ላይ ሰዓት የሚያመጣው አገልግሎት መጨረሻ ያወቀውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ምልክት አድርጎ ያስቀምጣል። ጠዋት ሲነሳ ማዘርቦርዱ "2010 ነው" ቢለው "እንዴት ይሆናል፣ እኔ ትናንት ማታ 2025 ላይ ነበርኩ" ብሎ ከዚያ ይቀጥላል። ስለዚህ የምታዩት ስህተት ሱቁ ተዘግቶ ያደረበትን ያህል ብቻ ይሆናል። ማታ 1 ሰዓት ዘግታችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ብትከፍቱ ኮምፒውተሩ ገና ትናንት ማታ ላይ ነው። ኔትወርክ ሲገኝ ራሱን ያርማል። ኔትወርክ ካልተገኘ ግን የዛሬ ደረሰኝ በትናንት ቀን ይወጣል። ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ይሄ ከስምንት ዓመቱ ስህተት ይብሳል፤ ስምንት ዓመት ያስደነግጣል፣ አንድ ሌሊትን ማን ልብ ይላል?

ልዩነቱ ደቂቃዎች ብቻ ከሆነ ማሽኑ ከኔትወርክ ሰዓት ጋር ከተገናኘ ቆይቷል ማለት ነው። ይህን የሰዓት ማናበቢያ ዘዴ የፈለሰፉት በአሜሪካ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሚልስ ናቸው፤ የመጀመሪያው እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ሐሳቡ ደስ ይለኛል። እናንተ ከዚራ ናችሁ፣ የታመነው ሰዓት እዚያው ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ነው እንበል። አንድ ልጅ በባጃጅ ትልካላችሁ። ሲሄድ የናንተ ሰዓት 4፡00 ይላል። መጋላ ደርሶ ሲያይ እዚያ 4፡12 ነው። ሲመለስ የናንተ 4፡10 ይላል። መንገዱ ደርሶ መልስ 10 ደቂቃ ፈጀ፣ ግማሹ 5 ነው። ስለዚህ ልጁ በራችሁ ላይ ሲቆም እውነተኛው ሰዓት 4፡17 ነው፤ እናንተ 7 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርታችኋል። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው የሚያደርገው፣ በሰከንድ ሽርፍራፊ። ድክመቱም ከምሳሌው ይታያል፦ ልጁ ሲሄድ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሲመለስ ገበያው ቢዘጋበት "ግማሹ" የሚለው ስሌት ይዋሻል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ሰዓቱ አይዘልም፤ ቀስ እያለ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ትልቅ ከሆነ ይዘላል።

አገልግሎቱ በርቶ "አልተናበበም" እያለ ከቆየ ምናልባት ያላችሁበት ቢሮ ኔትወርክ መንገዱን ዘግቶት ይሆናል። የሚጠቀመው 123 ቁጥር በርን (ፖርት የሚሉትን) ነው። ለኔትወርክ ኃላፊው ያንን ቁጥር ብትነግሩት ይገባዋል።

የከዚራዋ ባለቤት ግን ይህን ሁሉ ሰምታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "እሺ፣ እኔ 4 ሰዓት ሲሆን 4 እንዲለኝ ብፈልግስ?"

ልክ ናት። ቁጥሩን ሳይነኩ ልብሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። የአበሻ ሰዓት ከፈረንጁ 6 ያንሳል። እኛ ከዓለም አቀፉ 3 እንቀድማለን፤ 6 ሲቀነስ ከዓለም አቀፉ 3 ወደ ኋላ የቀረ ሰቅ ያስፈልገናል። ተርሚናል ላይ "ቲዚ=ኢቲሲ/ጂኤምቲ+3 ዴት" ብትሉ የኛን ሰዓት ያሳያችኋል፤ ቲዚ እና ጂኤምቲ ሁሉም በትልቅ ፊደል፣ ከኢቲሲ ደግሞ የመጀመሪያዋ ብቻ። ምልክቱ ፕላስ ሆኖ ሳለ መቀነስ መሆኑ የድሮ ልማድ ነው፣ አትገረሙ። ይበልጥ የሚገርመው ቀኑ የሚቀየረው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት "ኤኤም"፣ ማታ 1 ሰዓት "ፒኤም" ይሆናል። ለኛ ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

በዚህ ሰቅ ላይ ያለች ትልቅ ከተማ ደግሞ አለች፤ የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ። እዚያ የግድግዳ ሰዓት የሚያይ ሰው እኛ በአፋችን የምንጠራውን ቁጥር ነው የሚያየው። ስለዚህ የማሽኑን ሰቅ አዲስ አበባ ላይ ትቼ፣ "ክሎክስ" የሚባለው የኡቡንቱ የሰዓት ፕሮግራም ውስጥ ሳኦ ፓውሎን ጨመርኩላት። ስክሪኑ አናት ያለውን ቀን ስትጫነው ከሥር ይወጣል። ልጁም ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ነክቶ አያውቅም።

አሁን ደንበኞቿ ብራዚል ማን እንዳላት ይጠይቋታል።